ንጉሡም ፈራ፣ ጃንደረባውም ፈራ፤ ስለ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ እንወያይ

ዘአራት ኪሎ (ክሩን የከፈተው)

በዚህ መድረክ ስለ አብርሃም፣ ስለ ኢዮብና ስለ ዮናስ ብዙ ተጽፏል። ስለ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ግን ፈልጌ አጣሁ። ይህን በሚመስል ስም የሚጠሩ ሌሎች ሰዎችም አሉ፤ አንዱ በዘፍጥረት የጌራራ ንጉሥ ነው፣ ሌላው በመሳፍንት ወንድሞቹን የፈጀው የጌዴዎን ልጅ ነው። እኔ የማነሣው በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 38 ድንገት ብቅ ብሎ በምዕራፍ 39 የሚሰወረውን የቤተ መንግሥት ጃንደረባ ነው።

ለማታስታውሱት ባጭሩ ልንገራችሁ። የባቢሎን ንጉሥ ኢየሩሳሌምን ከብቧል። ከበባው በይሁዳ ንጉሥ በሴዴቅያስ 9ኛ ዓመት በ10ኛው ወር ተጀምሮ ቅጥሩ የተጣሰው በ11ኛው ዓመት በ4ኛው ወር ስለሆነ ዓመት ከመንፈቅ ያህል መሆኑ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ «ወደ ከለዳውያን የወጣ በሕይወት ይኖራል» እያለ በአደባባይ ይናገራል፤ ከለዳውያን የተባሉት ባቢሎናውያኑ ናቸው። አራት መኳንንት፣ ማለትም ሰፋጥያስ፣ ጎዶልያስ፣ ዮካልና ጳስኮር፣ ንጉሡ ዘንድ ገብተው ይህ ሰው የተዋጊዎቹን እጅ ያደክማልና ይገደል አሉ። የንጉሡን መልስ አስተውሉ፤ በእጃችሁ ነው፣ እኔ እናንተን መከልከል አልችልም። ዘውድ የጫነ ሰው ነው ይህን የሚለው። ነቢዩን በገመድ አንጠልጥለው የንጉሡ ልጅ የመልክያ ጉድጓድ ውስጥ አወረዱት። ጉድጓዱ ውኃ አልነበረውም፣ ጭቃ ብቻ ነበር። ኤርምያስም ጭቃው ውስጥ ገባ።

አቤሜሌክ ይህን ሲሰማ ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ነበር። ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ሄደና እነዚህ ሰዎች በነቢዩ ላይ ያደረጉት ሁሉ ክፉ ነው፣ በከተማይቱ እንጀራ ስለሌለ በረሃብ ይሞታል ብሎ ፊት ለፊት ተናገረ። ንጉሡም ነቢዩን እንዲያወጣው አዘዘው፣ አወጣውም።

እኔን ያስቆመኝ ሌላ ነገር ነው። በምዕራፍ 38 ቁጥር 19 ሴዴቅያስ ኤርምያስን በምስጢር ሲያነጋግር የማይታዘዝበትን ምክንያት በራሱ አፍ ይናገራል። ወደ ከለዳውያን የኮበለሉትን አይሁድ እፈራለሁ፣ ይሳለቁብኛል ይላል። በምዕራፍ 39 ቁጥር 17 ደግሞ እግዚአብሔር ለአቤሜሌክ ከምትፈራቸው ሰዎች እጅ አትሰጥም ይለዋል። እንግዲህ አቤሜሌክም ይፈራ ነበር! የሚፈራቸው ሰዎች ነበሩት፣ እግዚአብሔርም መፍራቱን ያውቃል፣ አልገሠጸውምም። ወዲያው በሚቀጥለው ቁጥር «በእኔ ታምነሃልና» ይለዋል።

በየጉባኤው የምንሰማው እምነት ያለው ሰው አይፈራም የሚል ነው። እዚህ ግን አንድ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሁለት የፈሩ ሰዎች አሉ። አንደኛው ጦር፣ ዙፋንና ነቢይ በእጁ ነበሩ፤ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ደጋግሞ ጠይቆ ደጋግሞ ተነግሮታል። ሁለተኛው የሰው አገር ሰው፣ ዘር የሌለው፣ የንጉሥ አገልጋይ ነው። ምን ለያያቸው?

የባእታ ምእመን

የልጅ ልጄ ናት የምትተይብልኝ። ልጄ፣ ጥሩ ሰው አነሣህ። የአቤሜሌክን ነገር በኤርምያስ ላይ ብቻ አትተወው። በእኛ በኦርቶዶክሶች መጽሐፍ በተረፈ ባሮክ ላይ ቀሪው አለ።

ኤርምያስ ከተማይቱ እንደምትጠፋ ባወቀ ጊዜ ከጉድጓድ ያወጣኝ ይህ ሰው የኢየሩሳሌምን ጥፋት እንዳያይ ምን ላድርግለት ብሎ እግዚአብሔርን ለመነ። ወደ አግሪጳ የወይን ቦታ ላከው ተባለ። ማለዳ ጠርቶ ቅርጫት ያዝና በተራራው መንገድ ሂድ፣ ለበሽተኞች በለስ ለቅመህ አምጣ አለው። አቤሜሌክ ለምን ሳይል ሄደ። በለሱን ለቅሞ ሲመለስ ፀሐይ በረታበትና ከዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት ልረፍ ብሎ ቅርጫቱን ተንተርሶ ተኛ። የተኛው 66 ዓመት ነው።

ሲነቃ ራሱ ከበደው፣ እንቅልፍ አልጠገብሁም አለ። በለሱን ቢያየው ወተቱ ይንጠባጠባል። ከተማ ሲገባ ሰፈሩን አላወቀውም፣ መንገድ የሳትሁ መሰለኝ ብሎ ተመልሶ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ አገኘና ኤርምያስ ወዴት ነው ቢለው ሕዝቡ ከተማረከ ስንት ዘመኑ ብሎ አፈጠጠበት። አቤሜሌክ የሚያምነው አጥቶ ቅርጫቱን ከፍቶ አሳየው። ሽማግሌውም አየና ወቅቱ የበለስ አይደለም አለ።

እኔ ይህን ሳስብ የሚገርመኝ እንቅልፉ አይደለም። ንጉሥ ፊት ቆሞ የተናገረው ያ ሰው ለበሽተኛ በለስ ልቀም ሲባልም እሺ ብሎ ቅርጫት አንሥቶ መሄዱ ነው። ትልቅ ሥራ የሠራ ሰው ትንሽ ሥራ ሲታዘዝ ቅር ይለዋል። እሱን ቅር አላለውም።

የመካነ ኢየሱስ ልጅ

እማማ፣ አመሰግናለሁ፤ ያንን ክፍል ከእርስዎ መስማቴ ነው። እኛ ዘንድ በቀኖናው ስለማይገባ ከምዕራፍ 38 እና 39 ሳልወጣ የታየኝን ልጨምር።

አብርሃም «ውጣ» ተብሏል። ሙሴ ከቁጥቋጦው ድምፅ ሰምቷል። ዮናስም ተነግሮት ነው የኮበለለው። አቤሜሌክ ወደ ንጉሡ ከመሄዱ በፊት ግን ምንም ድምፅ አልመጣለትም። ራእይ የለ፣ መልአክ የለ፣ «ሂድ» የሚል የለ። የሰማው አንድ ሰው ጉድጓድ ውስጥ መጣሉን ብቻ ነው። የእግዚአብሔር ቃል የመጣለት ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው፣ ያውም በራሱ በኤርምያስ በኩል።

ስለዚህ «የጌታን ፈቃድ እየጠበቅሁ ነው» እያልን ወራት የምናሳልፍበትን ነገር ይህ ሰው ባንድ ከሰዓት ጨርሶታል። የሚጸልይ ሰው መጠበቅ የለበትም እያልሁ አይደለም። ነገር ግን ሰው ጭቃ ውስጥ እያለ ምን ድምፅ ነው የምንጠብቀው?

ደግሞ ቦታውን እዩት። የብንያም በር ኤርምያስ «ልትኮበልል ነው» ተብሎ የተያዘበት በር ነው፤ ምዕራፍ 37 ላይ አለ። አቤሜሌክ የሄደው ወደዚያው ነው። ማታ በጓሮ በር ገብቶ በጆሮው ሊያንሾካሹክለት ይችል ነበር፣ የቤት ሰው ነውና። ሰው ሁሉ በሚያይበት ተናገረ።

ሌሊት ተረኛ ነርስ

አዳር ሠርቼ ነው የማነበው፣ ስለዚህ ጽሑፌ ቢንዛዛ ይቅርታ።

ስለ ንግግሩ ተናገራችሁ፣ ስለ ጨርቁ ግን አልተናገራችሁም። ንጉሡ 30 ሰው ይዘህ አውጣው ካለው በኋላ አቤሜሌክ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ አልሄደም። ከቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤት በታች ገብቶ አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ ሰበሰበ። ከዚያ በገመድ ቁልቁል ሰደደለትና ጨርቁን ከገመዱ በታች በብብትህ አድርገው አለው። ኤርምያስም እንዲሁ አደረገ።

ክፍላችን ውስጥ ለሳምንታት ያልበላ፣ ሥጋው ያለቀ ሕመምተኛ ማንሣት የቀን ተቀን ሥራችን ነው። አዲስ የመጡ ልጆች በብብቱ ይዘው ሊጎትቱት ይሞክራሉ፣ እኛም እንጮሃለን። ብብት ውስጥ ወደ እጅ የሚወርዱት ነርቮችና ደም ሥሮች ለቆዳ ቅርብ ናቸው። ጮማና ጡንቻ የሌለው ሰው ላይ የሰውነቱ ክብደት በሙሉ እዚያች ስስ ቦታ ላይ ካረፈ ቆዳው ይላጣል፣ እጁ ይደነዝዛል፣ አንዳንዴም ነርቩ ተጎድቶ ለወራት አይታዘዝም። ጭቃ ደግሞ ይስባል፣ የሚጎተተው የኤርምያስ ክብደት ብቻ አልነበረም። በባዶ ገመድ ቢጎትቱት በሕይወት ይወጣል፣ ግን ተልጦ ይወጣል።

ኤርምያስ መጀመሪያ የወረደውም በገመድ ነው፤ ሲያወርዱት ስለ ብብቱ ያሰበ የለም። ሲያወጣው ግን አንድ ሰው አሰበ። መጽሐፉ የጦርነቱን ውሎ ባጭሩ እያለፈ ለዚህ ጨርቅ ሁለት ቁጥር መስጠቱ ይደንቀኛል። እኔ «በእኔ ታምነሃልና» የሚለውን ሳነብ የማስበው ይህን ጨርቅ ነው።

ጡረተኛው ሒሳብ ሠራተኛ

እህቴ፣ ከንብረት ክፍል ጋር ዕድሜ ልኩን ለኖረ ሰው ያ ቁጥር ፈገግ ያሰኛል። የትኛው ጨርቅ የት እንደተጣለ የሚያውቅ ሰው ነው። መኳንንቱ ከግምጃ ቤቱ በታች ምን እንዳለ አያውቁም፤ የሚያውቁት ግምጃ ቤቱን ነው። የተወገደ ንብረት የት እንደሚከማች የሚያውቀው ዝቅ ብሎ የሚሠራው ነው።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ከአራት ኪሎ ብዙም በማይርቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስሠራ የጨረታ ኮሚቴ አባል የነበረ ባልደረባችን ተስተካክሎ በቀረበ ቃለ ጉባኤ ላይ አልፈርምም አለ። አላባረሩትም። ምድር ቤት፣ የድሮ ዶሴ የሚቀመጥበት ክፍል አወረዱት፤ ጠረጴዛ ነበረው፣ ሥራ አልነበረውም። ከዚያ ወዲያ ሰው ደረጃ ላይ ሲያገኘው ስልኩን ማየት ጀመረ። የምሳ ማኅበራችን ውስጥ ተራው ሲደርስ ቀኑ ተዘለለ።

አንድ ሾፌር ነበር። በየማለዳው ግቢ ሲገባ ሆን ብሎ ዋናው በር ላይ፣ ሁሉም እየፈረመ ሲገባ፣ ባርኔጣውን አውልቆ «እንደምን አደሩ አቶ እገሌ!» ብሎ ስሙን ጮክ ብሎ ይጠራው ነበር። ከሰዓት ደግሞ ሻይ ወደ ምድር ቤት ይዞለት ይወርዳል። ሾፌሩን ኃላፊው ጠርቶ ተናገረው። ሾፌሩ «ሰላምታ በየትኛው መመሪያ ተከለከለ? ያሳዩኝና አቆማለሁ» አለ። መመሪያው አልተገኘም።

አቤሜሌክን ባነበብሁ ቁጥር የሚመጣልኝ ያ ሾፌር ነው። ሾፌሩም ይፈራ ነበር፤ አራት ልጆች ነበሩት፣ ሰላምታ ሲሰጥ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጠያቂው

ጥሩ ነው፣ ልብ ይነካል። ግን አንድ ሰው የሌላውን ወገን መናገር አለበት።

ከተማይቱ ተከብባለች። ሕዝቡ ይራባል። ወታደሩ ቅጥር ላይ ነው። አንድ ሰው ተነሥቶ «እጅ ስጡ» ይላል። እነዚያ አራት መኳንንት ምን ያድርጉ? የትኛው መንግሥት ነው ይህን የሚታገሠው? «የተዋጊዎችን እጅ ያደክማል» ያሉት ክስ ከአየር የመጣ አልነበረም። በይሁዳ ከተማ በለኪሶ ፍርስራሽ ውስጥ በ1935 እ.ኤ.አ. በሸክላ ስብርባሪ ላይ የተጻፉ ደብዳቤዎች ተገኝተዋል፣ የዚያው ዘመን ናቸው። ባንደኛው ላይ «እጅ ማድከም» የሚል ስሞታ አለ፤ የወታደራዊ ሰዎች የተለመደ አነጋገር ነበር ማለት ነው። ስለዚህ አቤሜሌክ ለኛ ጀግና የሆነው መጨረሻውን ስለምናውቅ ነው። በዚያ ሰዓት ቆመን ቢሆን ኖሮ ብዙዎቻችን ከመኳንንቱ ጋር እንቆም ነበር።

ዘአራት ኪሎ

ጠያቂው፣ ይህን ስላነሣህ ደስ ብሎኛል። የለኪሶው ደብዳቤ ግን ለአንተ ብቻ አይመሰክርም። ደብዳቤው ላይ እጅ ያደክማል የተባለው የመኳንንቱ ቃል ነው፣ የነቢይ አይደለም። በዚያች አገር ሁሉም ሌላውን እጅ አድካሚ እያለ ይከስስ ነበር።

መኳንንቱስ? የዮካል ማኅተም ያረፈበት የሸክላ ጭቃ በ2005 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም በዳዊት ከተማ ቁፋሮ ተገኝቷል። የጎዶልያስ የጳስኮር ልጅ ማኅተምም ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚያው አቅራቢያ ተገኘ። ሰዎቹ ማኅተም ያላቸው፣ ደብዳቤ የሚያሽጉ እውነተኛ ባለሥልጣናት ነበሩ። ነገራቸውን በሕግ መጨረስ ይችሉ ነበር። ይገደል አሉ፣ ንጉሡም ፈቀደ። ታዲያ ለምን በሰይፍ አልገደሉትም? ጉድጓዱ ለምን አስፈለገ? እጃቸው ደም እንዳይነካ ይመስለኛል። ረሃብና ጭቃ ይጨርሱት፣ የገደለው የለም።

ሌላም አለ። ምዕራፍ 34ን ተመልከት። ከበባው ሲጠብቅ ሴዴቅያስና መኳንንቱ ቃል ኪዳን ገብተው ዕብራውያን ባሪያዎቻቸውን ነፃ አወጡ። የግብጽ ጦር መጣ ተብሎ ከለዳውያን ለጊዜው ገለል ሲሉ የለቀቋቸውን መልሰው ያዟቸው። ስለ አገር ደኅንነት የሚናገሩት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። አገራቸውን አይወዱም አልልም። ነገር ግን ቃላቸውን የሚጠብቁት ጦር በር ላይ ሲቆም ብቻ ነው።

ጠያቂው

የባሪያዎቹን ነገር ረስቼው ነበር። ይህን እቀበላለሁ። «ብዙዎቻችን ከመኳንንቱ ጋር እንቆም ነበር» ያልሁትን ግን አላነሣም።

ዘአራት ኪሎ

እሱን እኔም አልከራከርም።

አወያይ

ስለ 66 እና ስለ 81 መጻሕፍት የተጻፉትን ሦስት መልሶች ወደ ሌላ ክር አዛውሬያለሁ። እዚያ ተከራከሩ። እዚህ የእማማን በለስ ማንም አይነካባቸውም።

የካዛንቺስ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምጠይቀው ጥያቄ የመጽሐፍ ሳይሆን የራሴ ነው። ሥራ ከጀመርሁ ገና ዓመት አልሞላኝም፣ ጸሐፊ ነኝ። አለቃዬ ባለፈው ወር መጻፍ የነበረበትን አንድ ደብዳቤ የባለፈው ወር ቀን ጽፈህ አምጣ አለኝ። የገንዘብ ጉዳይ አለበት፣ ቀነ ገደብ አልፏል። ትልቅ ሰው ነው፣ ክፉም አይደለም፣ ለእኔም ጥሩ ነው። «ለባለሥልጣናት ተገዙ» ተብሏል። መታዘዝ ማለት የትኛው ነው? ደግሞ እናንተ ንጉሥ ፊት የቆመውን ታወራላችሁ፤ እኔ ጉዳዬ ደብዳቤ ነው፣ ትንሽ ነገር ነው።

ሌላም የምጠይቀው አለኝ። ኤርምያስ ራሱ በምዕራፉ መጨረሻ መኳንንቱ ከንጉሡ ጋር ምን ተነጋገርህ ሲሉት ሙሉውን አልነገራቸውም፤ ንጉሡ እንዳዘዘው «ወደ ዮናታን ቤት እንዳይመልሰኝ ለመንሁት» ብቻ አላቸው። ነቢዩ ግማሹን ከደበቀ እኔ ቀን ብቀይር ምን ይደንቃል?

ጡረተኛው ሒሳብ ሠራተኛ

ልጄ፣ ሁለተኛውን ባጭሩ ልመልስልህ። ኤርምያስ ልመናውን በእውነት አቅርቧል፣ በምዕራፍ 37 ላይ አለ። ለማይገባው ሰው ሁሉን አልተናገረም። የተናገረው ግን ሐሰት አይደለም። ያልነበረ ቀን መጻፍ ሐሰት ነው።

የመጀመሪያውን ረዘም ላድርገው። አቤሜሌክ ያደረገውን ቅደም ተከተል ተመልከት። ጉድጓዱ ጋ ሮጦ ሄዶ በራሱ ሥልጣን አላወጣውም። የሚመለከተው ሰው ዘንድ ሄዶ የተደረገውን በስሙ ጠራ፤ «ክፉ ነው» አለ። ከዚያ ትእዛዝ ተቀበለ፣ 30 ሰው ይዞ ሄደ። አንድ የተራበ ሰው ለማውጣት 30 ሰው ለምን እንዳስፈለገ ብዙ ተብሏል፣ አንድ የዕብራይስጥ ቅጂም ሦስት ነው ይላል። እኔ 30ው ትክክል ይመስለኛል። ገመዱን ለመጎተት ሦስት ይበቃሉ፤ የቀሩት መኳንንቱ ቢመጡ እንዲቆሙ ነው።

ስለዚህ አለቃህ ዘንድ ግባ። ክፉ አይደለም ካልህ በእርጋታ ንገረው። «ጋሼ፣ ደብዳቤውን በዛሬው ቀን እጽፈዋለሁ፣ የዘገየበትንም ምክንያት እገልጻለሁ፣ ይህን ግን አልችልም» በለው። በቃል ካስቸገረህ በጽሑፍ አድርገው። ቅጂ ይኑርህ። አለቃን ማክበርና ሐሰት መጻፍ ለየቅል ናቸው፤ አክብረህ እምቢ ማለት ይቻላል። ብዙ ጊዜ ሰው ይህን ሲሰማ ተቆጥቶ ይወጣና በማግሥቱ ረስቶት ይገኛል። ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ ይህንንም ልደብቅህ አልፈልግም።

የመካነ ኢየሱስ ልጅ

«ሁልጊዜ አይደለም» የሚለውን ላስምርበት፣ ምክንያቱም የአቤሜሌክ ታሪክ ብቻውን ሲነገር መታዘዝ የደኅንነት ዋስትና ይመስላል። እዚያው ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 26 ላይ ኦርዮ የሚባል ሌላ ነቢይ አለ። የተናገረው ልክ የኤርምያስን ቃል ነው። ንጉሥ ኢዮአቄም ሊገድለው ሲፈልግ ወደ ግብጽ ሸሸ፣ ሰው ልከው አምጥተው በሰይፍ ገደሉት፣ ሬሳውንም በተራ ሕዝብ መቃብር ጣሉት። በዚያው ዘመን ኤርምያስን የሳፋን ልጅ አኪቃም እጁን ይዞ አስጣለው። አንድ ቃል፣ አንድ ንጉሥ፣ ሁለት ነቢያት። አንዱ ሞተ፣ አንዱ ዳነ። መጽሐፉም ለምን ብሎ አያብራራም።

ከፒያሳ ወደ ታች ስንወርድ በአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት እናልፋለን። ለባቡሩ መስመር ተነሥቶ ቆይቶ ተመልሶ የቆመው ነው። ጣልያን አርበኞችን አውግዝልን ብሎ ጠየቃቸው፣ እምቢ አሉ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ደበደቧቸው። የእኛው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር ይውጡ ተብለው መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ታፍነው ተወሰዱ፣ ተገደሉም። ሁለቱ ቀኖች በወሩ ውስጥ ጎረቤት ናቸው። እነዚህን ሰዎች አቤሜሌክን ያወጣው አምላክ ረሳቸው አንልም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ አለቃህ ይረዳሃል ብዬ ቃል አልገባልህም። ጉዳይህ ትንሽ ነው ስላልኸው ግን ነርሷ የጻፈችውን መልሰህ አንብብ።

የባእታ ምእመን

ይህች ልጅ ደግ ተናገረች። አቡነ ጴጥሮስን ስትጠራልኝ እንባዬ መጣ።

እኔ ደግሞ አቤሜሌክ ያገኘውን ዋጋ ልንገራችሁ። እግዚአብሔር «ነፍስህ እንደ ምርኮ ትሆንልሃለች» ነው ያለው። ምርኮ ማለት ከሚቃጠል ከተማ የምታወጣው ነው። ሹመት አልተጨመረለት፣ ርስት አልተሰጠው። ከተማይቱም አልተረፈችለትም፤ ቤተ መቅደሱም ነደደ። ሴዴቅያስ ልጆቹ በፊቱ ታረዱ፣ ያንን አይተው ዓይኖቹ ወጡ፣ በሰንሰለት ባቢሎን ሄደ። ይሳለቁብኛል ብሎ ስንቱን አጣ! እጁን ቢሰጥ ከተማይቱም አትቃጠልም፣ ልጆቹም ይተርፉ ነበር፤ ነቢዩ በግልጽ ነግሮት ነበር።

ዘአራት ኪሎ ምን ለያያቸው አልኸን። እኔ ያልተማርሁ ነኝ፣ እንደ ገባኝ ልናገር። ንጉሡ ሲፈራ ስለ ራሱ ያስባል፤ ይስቁብኛል፣ ይይዙኛል ይላል። አቤሜሌክ ሲፈራ ያ ሰው ጉድጓድ ውስጥ በረሃብ ይሞታል ብሎ ያስባል። ሁለቱም ፈርተዋል፤ ያንዱ ዓይን ወደ ውስጥ ነው፣ የሌላው ወደ ጉድጓዱ።

ሌሊት ተረኛ ነርስ

እማማ፣ ያልተማርሁ ነኝ የሚሉትን ይተዉ።

ጠያቂው

እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። ምዕራፍ 39 ላይ እግዚአብሔር ኤርምያስን «ሂድ፣ ለአቤሜሌክ ንገረው» ይለዋል፤ ኤርምያስ ግን በግዞት ቤት አደባባይ ተዘግቶበታል። እንዴት አድርጎ ነው የሚሄደው?

ዘአራት ኪሎ

በአደባባዩ ሰው ይገባል ይወጣል። ምዕራፍ 32 ላይ የአጎቱ ልጅ አናምኤል እዚያው መጥቶ መሬት ሸጦለታል፣ ምስክሮች ተቀምጠዋል፣ ብር ተመዝኗል። እኔ የሚመስለኝ አቤሜሌክ ነቢዩን ካወጣው በኋላም ይጠይቀው ነበር። ጽሑፉ አይልም፣ ግምቴ ነው። ግን ከጉድጓድ ሰው ያወጣ ሰው በሕይወት አለ ወይ ብሎ ሳይመለስ አይቀርም።

የካዛንቺስ ልጅ

ለሁላችሁም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ገብቼ ጋሼ የነገሩኝን እንዳለ ተናገርሁ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። አለቃዬ ምንም አልመለሰም፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ውጣ» አለኝ። ደብዳቤውን በዛሬው ቀን ጽፌ ከነማብራሪያው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። እስከ አሁን አልጠራኝም።

ጡረተኛው ሒሳብ ሠራተኛ

ቅጂ አስቀርተሃል?

የካዛንቺስ ልጅ

አስቀርቻለሁ ጋሼ። ሁለት።

የባእታ ምእመን

ልጄ፣ ነገ ኪዳን ላይ ስምህን አስጠራለሁ። የክርስትና ስምህን በውስጥ መስመር ላክልኝ።

የካዛንቺስ ልጅ

እማማ፣ እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፣ የክርስትና ስም የለኝም።

የባእታ ምእመን

እንግዲያውስ እናትህ ያወጡልህን ላክልኝ። የልጅ ልጄ አሁን እየሳቀች ነው የምትተይበው፣ ቶሎ በል ትምህርት ቤት ሳትሄድብኝ።